የፕራግ የሰዓት ማማ እና የእኛ ሰዓት አቆጣጠር

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አንዲት ታሪካዊ ከተማና ስለ ታዋቂው የሰዓት ማማዋ ጥቂት ማስረዳት ነው። ከተማዋ የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ፕራግ ናት። ውድ አንባቢያን፣ «ነቀምቴ ተቀምጦ ፕራግን ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የእኔ መንገድ ከጨለለቂ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ መናኸሪያ ነው፤ ፕራግን በመጽሐፍና በፎቶ እንጂ በዓይኔ አላየኋትም። ነገር ግን ያ ሰዓት እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለበት። ብዙዎቻችን ሳናስበው የያዝነው አንድ አመለካከት አለ፤ እሱም «የእኛ ሰዓት አቆጣጠር የተዛባ ነው፣ ትክክለኛው የፈረንጁ ነው» የሚል ነው። በክፍል ውስጥም ሆነ በቢሮ «ትክክለኛው ሰዓት» ሲባል ብዙ ጊዜ የፈረንጁ ማለት ነው። እኔ ግን የፕራግ ማማ ይህን አመለካከት ከ600 ዓመት በላይ ቆሞ ሲያስተባብል የኖረ ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ። እንዴት የሚለውን ቀስ ብለን እንየው።

ከተማዋና ማማዋ

ፕራግ በቭልታቫ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን የቦሄሚያ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቻርልስ 4ኛ ዘመን ደግሞ ከአውሮፓ ትላልቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። በእሱ ስም የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1348 ነው። የአሮጌው ከተማ ነዋሪዎች የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት እንዲኖራቸው የተፈቀደላቸው ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ በ1338 ሲሆን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማማ በ1364 ተጠናቀቀ። ታሪካዊው የከተማዋ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1992 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ሰዓቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1410 ነው። ቼኮች «ኦርሎይ» ይሉታል። የእጅ ሥራው የካዳኙ ሚኩላሽ የሚባል ሰዓት ሠሪ ሲሆን፣ የሥነ ፈለክ ስሌቱን የሠራው የዩኒቨርሲቲው መምህር ያን ሺንደል ነው ተብሎ ይታመናል። የኮሌጅ ሰውና የእጅ ባለሙያ አንድ ላይ ተቀምጠው የሠሩት ነገር ነው ማለት ነው፤ ይህ ነገር ለእኛም ትምህርት ክፍል ቢታሰብበት ደስ ይለኛል። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር የነገሡት ዐፄ ዳዊት ቀዳማዊ ነበሩ። ከሰዓቱ መሠራት 8 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1402፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ከተማ ደርሰው ነበር። ስለዚህ «እነሱ ሰዓት ሲሠሩ እኛ ከደጃችን ወጥተን አናውቅም ነበር» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

ስለ ሠሪው የሚነገር ተረት አለ። ሐኑሽ የሚባል ሊቅ ሰዓቱን ከሠራ በኋላ የከተማው ሹማምንት «ለሌላ ከተማ እንዲህ ያለ እንዳይሠራ» ብለው ዓይኑን አጠፉት፤ እሱም ዕውር ሆኖ ወደ ማማው ወጥቶ፣ እጁን መዘውሩ ውስጥ ከቶ ሰዓቱን አቆመው ይባላል። ጥሩ ተረት ነው፣ ሆድ ያባባል። ነገር ግን በ1410 የተጻፈ ሰነድ ሠሪው ሚኩላሽ መሆኑን ይናገራል። ሐኑሽም በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ ግን ሰዓቱን ከ80 ዓመት ያህል በኋላ ያደሰው እንጂ የሠራው አይደለም። ዓይኑም አልጠፋም።

ጎብኚ የሚሰበሰበው ለትርኢቱ ነው። ሰዓቱ ሞልቶ ሊደውል ሲል በጎን የቆመ የአፅም ምስል ገመድ ይስባል፤ ከላይ ሁለት መስኮቶች ተከፍተው የ12ቱ ሐዋርያት ምስሎች በየተራ ያልፋሉ፤ በመጨረሻ ወርቃማ አውራ ዶሮ ይጮሃል። እኔን ያስገረመኝ ዶሮው ነው። ያን ሁሉ ጥርሳም መዘውር ከሠሩ በኋላ መጨረሻ ላይ የጨመሩት የገበሬውን ሰዓት ነው እኮ!

ማማው ክፉ ቀንም አይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በግንቦት ወር 1945 (እ.ኤ.አ.)፣ ከተማዋ በጀርመን ጦር ላይ ስትነሳ ማዘጋጃ ቤቱ ተመትቶ ተቃጠለ፤ የእንጨት ምስሎቹም ወደሙ። ሰዓቱ ተጠግኖ እንደገና መሥራት የጀመረው በ1948 ነው። በ2018 ደግሞ ለወራት ቆሞ ሙሉ እድሳት ተደርጎለታል።

አንድ ፊት፣ ሦስት ሰዓት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኦርሎይን ፊት ላይ ላዩን ያየ ሰው ምንም አይገባውም። ደቂቃ ቆጣሪ የለውም። በምትኩ ክብ በክብ ላይ ተደራርቧል፣ ቀለሙም ብዙ ነው፦ ቀኑ ሰማያዊ፣ ንጋትና ምሽቱ ብርቱካንማ፣ ሌሊቱ ጥቁር። ይሁንና ነገሩ በሦስት ንብርብር ቢታይ ይቀላል።

አንደኛው በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው ክብ ነው። ሁለት ጊዜ ከ1 እስከ 12 ይቆጥራል። መነሻው እኩለ ሌሊት ነው። ይህ ዛሬ ዓለም አቀፍ የምንለው ነው።

ሁለተኛው ከሁሉም ውጭ ያለው ጥቁር ቀለበት ሲሆን በወርቅ ቀለም ከ1 እስከ 24 ተጽፎበታል። ይህ ቆጠራ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዛሬ ፀሐይ የጠለቀችበት ቅጽበት 24 ሰዓት ይሆንና አዲሱ ቀን ይጀምራል። ፀሐይ በየቀኑ የምትጠልቅበት ጊዜ ስለሚለያይ ቀለበቱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያለ ይዞራል። የጥንት ቼኮች ሰዓት ይህ ነበር፤ በጣሊያን ከተሞችም ይሠራበት ነበር።

ሦስተኛው ነው የእኛ ዘመድ። በሰማያዊው ክፍል ላይ የወርቅ መስመሮች እንደ ቀስት ጎብጠው ተሥለዋል፤ በመካከላቸውም ከ1 እስከ 12 ተጽፏል። በቆጣሪው ላይ የተሰካች ትንሽ የፀሐይ ምስል አለች፤ እንደ ወቅቱ ወደ መሃል ትጠጋለች ወይም ወደ ዳር ትወጣለች። የፀሐይዋ ምስል በየትኛው መስመር መካከል እንዳለች አይቶ ሰው «ከነጋ ይህን ያህል ሰዓት ሆነ» ይላል። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ እኩለ ቀን ላይ 6 ይሞላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ይሆናል። ይሄ እንግዲህ የማን ቆጠራ ነው? የነቀምቴ ገበያተኛ «6 ሰዓት ሆነ፣ ምሳ ደረሰ» ሲል የሚቆጥረው አይደለም እንዴ?

ከንጋት መቁጠር የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ልማድ አለመሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሮማውያንና አይሁድ ቀኑን ከንጋት እስከ ምሽት በ12 ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ ነው ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ የወይኑ ባለቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ማለዳ፣ ከዚያም በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት የሚወጣው። አማርኛም ኦሮምኛም የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ 11 ሰዓት ላይ የተቀጠረ ሰው አንድ ሰዓት ብቻ ሠርቶ እንደሚመሽበት ወዲያው ይገባዋል። አዳዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን ቁጥሩን ለውጠው «ከቀኑ 5 ሰዓት» በሚል አስቀምጠውታል፤ አለዚያ አንባቢያቸው አይረዳውም። አናሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉም እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም። አናሲሞስ በኋላ ኖሮ ያረፈው እዚሁ ነቀምቴ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በቤተ ክርስቲያንም የጸሎት ሰዓታቱ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ እየተባሉ ይቀጥላሉ። ሠለስት 3 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት ነው። እንግሊዞች እኩለ ቀንን «ኑን» የሚሉት ቃል ሳይቀር «ዘጠነኛ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ዘጠነኛው ሰዓት የጸሎት ሰዓት ነበር፤ ውሎ አድሮ ወደ እኩለ ቀን ተጎተተ። ቁጥሩ ከቋንቋቸው አልጠፋም፣ ትርጉሙን ነው የረሱት።

በእስልምናም ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በኦቶማን ቱርክ ሰዓት በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ላይ ይስተካከል ነበር። የኢዝሚር ከተማ ታዋቂ የሰዓት ማማ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሠራ አገሩ በዚህ ቆጠራ ይኖር ነበር፤ ቱርክ የእኩለ ሌሊቱን ቆጠራ በሕግ የተቀበለችው በ1926 ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ደግሞ እስከ ዛሬ ልክ እንደ እኛ ይቆጥራሉ፤ ጠዋት የፈረንጁ 7 ለእነሱም 1 ሰዓት ነው።

እነሱ ለምን ተዉት? እኛስ ለምን አልተውነውም?

ይህ ጥያቄ ነው እኔን ብዙ ያስቆዘመኝ። «እነሱ ሠለጠኑ፣ እኛ ቀረን» የሚል መልስ ቀላል ነው፤ ግን መልስ አይደለም። ትክክለኛው መልስ ያለው ጂኦግራፊ ውስጥ ነው።

ፕራግ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። በሰኔ ወር ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ጊዜ በ12 ብናካፍለው በበጋቸው አንዱ «ሰዓት» 82 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ በክረምታቸው ደግሞ 40 ደቂቃ። ደመወዝ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ምን ሊል እንደሚችል አስቡት! በ14ኛው ክፍለ ዘመን በክብደትና በጥርሳም መዘውር የሚሠራ ሰዓት ሲመጣ ችግሩ ባሰ። መዘውር እኩል እኩል ነው የሚራመደው፤ በሰኔ ዘገምተኛ፣ በታኅሣሥ ፈጣን ሁን ቢሉት አይሰማም። የሰዓቱ ርዝመት እኩል ይሁን ቢባል እንኳ የንጋቱ መነሻ ከወቅት ወቅት ከ4 ሰዓት በላይ ይዋዥቃል። ስለዚህ ሚኩላሽና ሺንደል መስመሮቹን በጎበጠ ቅርጽ መሣል፣ ቀለበቱንም ማዞር ግድ ሆነባቸው። ሌላው ከተማ ግን ቀስ በቀስ ወደማይዋዥቀው መነሻ ወደ እኩለ ሌሊት ሄደ።

ነቀምቴ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ረጅሙ ቀናችን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው። በ12 ስናካፍለው አንዱ ሰዓት በረጅሙ ቀን 63 ደቂቃ፣ በአጭሩ 58 ደቂቃ ይመጣል። 5 ደቂቃ! ይህን ማን ልብ ይለዋል? ንጋታችንም በዓመት ውስጥ የሚዋዥቀው ከ45 ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚህ የብረት ሰዓት ወደ አገራችን ሲገባ ከድሮው ቆጠራ ጋር አልተጣላም። 12ን ማለዳ ላይ፣ 12ን ምሽት ላይ አስቀመጥነው፤ አለቀ። እኛ ያልተውነው ኋላ ስለቀረን ሳይሆን የምንተውበት ምክንያት ስላልገጠመን ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹም ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ መሆናቸውን እዚህ ላይ ልብ በሉ።

በነገራችን ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ በውስጡም ስለ ፀሐይ መንገድ ሰፊ ክፍል አለው። ሄኖክ ዕለቱን በ18 ክፍል ይከፍልና በዓመቱ ረጅም ቀን 12ቱን ለቀን፣ 6ቱን ለሌሊት ይሰጣል። ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ ስሌት በመነሻው ከጥንት ባቢሎን የመጣ ነው ይላሉ አጥኚዎች። ለእኛ ሰማይ ፈጽሞ አይሠራም፤ ላሊበላም ቢሄዱ፣ አክሱምም ቢሄዱ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ለፕራግ ግን 16 ከ20 እና 7 ከ40 ነው፣ እጥፍ ማለት ይቻላል! መጽሐፉን ጠብቀን ያቆየነው እኛ፣ የሚስማማው ሰማይ የእነሱ።

ሊቃውንቶቻችን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። በግእዝ ብራናዎች ውስጥ ሰው በየወሩ የራሱን ጥላ በእግሩ እየለካ ሰዓት የሚያውቅበት ሠንጠረዥ ተጽፎ ይገኛል። ይህን አንብቤ ቤት ያከራዩኝን እናት ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ድሮ ሰዓት ሳይኖር ምሳ መድረሱን በምን ያውቁ ነበር?»

«ጥላህ እግርህ ሥር ሲገባ ነዋ፣ ልጄ! ይሄም ይጠየቃል?»

«ደመና ከሆነስ?»

«ያን ጊዜ ሆድህ ይነግርሃል» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

የነቀምቴ ንጋት ስንት ሰዓት ነው?

እስካሁን የእኛን ቆጠራ ስከላከል ቆይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ትንሽ ልተቸው። «12 ሰዓት ነጋ» እንላለን። ግን ነቀምቴ ውስጥ ልክ በ12 ሰዓት ፀሐይን ያየ ሰው አለ? የለም። በዓመት ውስጥ አንድም ቀን የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪኒች 3 ሰዓት ይቀድማል። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር 3 ሰዓት ማለት 45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ይህ የኬንትሮስ መስመር አገራችንን የሚያቋርጠው በሶማሌ ክልል ወርደር አጠገብ ነው። የእጃችን ሰዓት የሚሠራው በዚያ አካባቢ ፀሐይ ነው ማለት ነው። ነቀምቴ ያለችው 36 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ልዩነቱ 8 ዲግሪ ተኩል፤ አንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሆነ 34 ደቂቃ ይሆናል። አዲስ አበባም ብትሆን ወደ 25 ደቂቃ ትዘገያለች፤ ከእኛ ግን በ9 ደቂቃ ቀድማ ፀሐይ ታያለች። ስለዚህ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው በግንቦት መጨረሻ አካባቢ 12፡10 አልፎ፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ 12፡55 ገደማ ነው። ማለዳ ለመጀመሪያው መኪና መናኸሪያ የወረደ ሰው በእጅ ባትሪ ትኬቱን ሲያነብ «ሰዓቱ ነው ወይስ ሰማዩ የዘገየው?» ቢል አይፈረድበትም።

ይህን በራሱ ማረጋገጥ የሚፈልግ ቀጥ ያለ እንጨት በግቢው ይትከል። ቱንቢ ካለ በቱንቢ ይስተካከል። ጥላው በጣም የሚያጥርበት ቅጽበት እውነተኛው እኩለ ቀን ነው። እዚህ 6፡00 ላይ አይሆንም፤ እንደ ወሩ ከ6፡17 እስከ 6፡49 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚውለው። ከሁሉም የሚያምረው ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ በነቀምቴ አናት ላይ በቀጥታ ስለምታልፍ 6፡34 ገደማ ላይ የእንጨቱ ጥላ ጨርሶ ይጠፋል። ነሐሴ 23 አካባቢ እንደገና ይጠፋል፤ ግን ነሐሴ መሆኑን አትርሱ፣ ዝናቡ ከፈቀደ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን። ፕራግ ውስጥ እንጨት የተከለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ ይህን አያይም።

እንግዲህ የእኛም «የንጋት ሰዓት» በስምምነት የተቀመጠ ነው። የፈረንጁም እኩለ ሌሊት እንዲሁ። «ተፈጥሯዊ» እና «ሰው ሠራሽ» ብሎ መከራከር ለሁለቱም አያዋጣም።

ለአደባባያችን ምን ይሁን?

ነቀምቴ ታሪካዊ ከተማ ናት። የወራ በከሬ ቤተሰብ ያሠራው፣ በተለምዶ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የሚባለው ግቢ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው፤ የወለጋ ሙዚየምም አለን። በክፍላችን «አደባባይ ላይ የሰዓት ማማ ቢቆም የትኛውን ሰዓት ያሳይ?» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ግማሹ «የዓለሙን፤ እንግዳ ሲመጣ እንዳንሳቅ» አለ። ግማሹ «የራሳችንን፤ እናቶቻችን የሚያነቡትን» አለ።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ የማውቀው ልጅ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ተቀጠረ። መልእክቱ «8፡00» ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ልጁ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ልብሱን ቀይሮ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ጠሪዎቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጠርተው፣ ጠብቀው፣ ዘግተው ሄደዋል። ሁለተኛ ዕድል አልሰጡትም። እንዲህ ያለውን ነገር አንዱን ሰዓት «ስህተት» ብሎ በመፈረጅ አናድነውም፤ ሕዝቡ አሁን ያለውን ቆጠራ ነገ አይተውም፣ ዓለምም ለእኛ ብሎ አይለወጥም። የሚያድነው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት መልመድ ነው። ኦርሎይ ሦስቱን በአንድ ፊት ካሳየ እኛ ሁለቱን ማሳየት እንዴት ያቅተናል?

ደግሞም ለእኛ እጅግ ቀላል ነው፤ የጎበጠ መስመርም የሚዞር ቀለበትም አያስፈልግም። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ነው። በ12 በተከፈለ ክብ ላይ 6 ማለት ትክክለኛ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ፈረንጁ 8 ላይ ሲሆን የእኛ 2 ላይ ነው፣ ፊት ለፊት። 9 ላይ ሲሆን 3፤ 4 ተኩል ሲሆን 10 ተኩል። ደቂቃው ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ ሰዓት ቆጣሪው ባለ ሁለት ጫፍ ቢሆን፣ ማለትም ከመሃሉ ወደ ኋላ ጭራው እኩል ቢረዝም፣ አንዱ ጫፍ የእኛን ሌላው ጫፍ የዓለሙን ያሳያል። አንድ ሞተር፣ አንድ ፊት፣ ሁለት ሰዓት። የእኛን ጫፍ በፀሐይ ቅርጽ፣ ሌላውን በኮከብ ቅርጽ መሥራት ይቻላል፤ እናቶቻችን ፀሐይዋን ይከተሉ፣ ቱሪስቱ ኮከቡን። ጠዋቱን ከማታው ለመለየት የሚቸገር ካለ ቀና ብሎ ሰማዩን ይይ።

ለማማ የሚሆነውን በተመለከተ ብየዳ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬን ጠይቄው ነበር። «ጭራው መርዘሙ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ግራና ቀኝ ይመጣጠናል፣ ሞተሩ አይደክምም» አለኝ። በትንሹ ሞክረነዋል። ከገበያ የገዛነውን የግድግዳ ሰዓት መስታወቱን አውልቀን፣ ከካርቶን ቀጭን ጭራ ቆርጠን በሰዓት ቆጣሪው ጀርባ ለጠፍንበት። ከለስላሳ ቆርቆሮ መቁረጥ አስበን ነበር፤ ጓደኛዬ ግን በባትሪ ለሚሠራ ሞተር ይከብዳል አለ። ፀሐይዋን በቢጫ እስክርቢቶ ቀባናት። ከተሰቀለ ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ሁለቱንም ሰዓት ልክ ልኩን ያሳያል፤ አከራዬም አሁን ሬዲዮ የሚከፍቱት በእሱ ነው። ማየት የሚፈልግ የክፍላችን ልጅ ከ11 ሰዓት በኋላ (ማለትም ከኮከቡ 5 በኋላ) ጨለለቂ ብቅ ማለት ይችላል።